የብስክሌት ኤሌክትሪክ ሞተርና የሊማሊሞ ዳገት፤ ተጨማሪ ኃይል ከወዴት ይገኛል?

ከጎንደር ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን በመጓዝ ደባርቅን ያለፈ መንገደኛ፥ የደጋው መሬት በድንገት ተቆርጦ ከእግሩ በታች ገደል ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ሊማሊሞ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተሠራው መንገድ በዚህ ገደል ላይ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና በቆላው ዛሪማን ያገኛል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ዛሪማ ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሰው ደግሞ ያንኑ 1,000 ሜትር በጉልበቱ፥ በበቅሎው ወይም በነዳጅ መክፈል አለበት።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እኛ ሁለት ተማሪዎች ይህን ዋጋ በኤሌክትሪክ ለመክፈል ሞከርን። በኋላ ጎማው መሐል ሞተር ያለው ብስክሌት ከዛሪማ ይዘን ተነሣን። ኃይሉ ለዳገት እንደማይበቃ አስቀድመን ስለ ገመትን፥ ከጓደኞቻችን የሰማነውን ዘዴ ተከትለን የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከፍተን የፍሰቱን ገደብ በቆርቆሮ ብየዳ አሳደግነው። በሦስተኛው ጥምዝ ላይ ቆመን እንደ ገና ለመነሣት መቀስቀሻውን እስከ መጨረሻው ስንጠመዝዝ፥ የተቃጠለ ቀለም ሸተተን፤ ብስክሌቱም ቆመ። የባሰው ነገር ግን ጎማው እንደ ፍሬን እየያዘ መግፋት እንኳ አለመቻላችን ነበር። በቅሎዎች ጭነው የሚወጡ አንድ አዛውንት አጠገባችን ቆም ብለው፥ «ልጆቼ፥ ይህ ነገር ደኅና በነበረ ጊዜ ስንት ይጭናል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም መልስ አጣን፤ በእርግጥ አናውቀውም ነበርና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚያ ጥያቄ በሒሳብ መልስ መስጠት፥ በዚያውም ከብስክሌት ሞተር ተጨማሪ ኃይል የሚፈልጉ ባልንጀሮቻችን የሚያተርፉበትንና የሚያቃጥሉበትን መንገድ ለይተው እንዲያውቁ ማድረግ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች የሚነገረው በዝቷል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያህል የራሳችን የውኃ ኃይል ላለን ሰዎች ነገሩ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው የብስክሌት ሞተር የታሰበው ለሜዳ አገር ስለ ሆነ፥ በሰሜን ጎንደር ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ራሳችን ልናጠናው ይገባናል።

፩. ኃይልና ጉልበት

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» የምንለው ብስክሌቱን ወደ ፊት የሚገፋውን ግፊት ሲሆን የሚለካው በኒውተን ነው። «ኃይል» የምንለው ደግሞ ጉልበቱ በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘውን፥ በዋት የሚለካውን ነው። ሁለት በቅሎዎች አንድ ዓይነት ጭነት ይዘው አንድ ዳገት ቢወጡና አንደኛይቱ በግማሽ ሰዓት ብትቀድም፥ የሁለቱም ጉልበት አንድ ነው፤ ኃይላቸው ግን ይለያያል። በገበያ «ኃይል ጨምርልኝ» የሚል ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፪. ሞተሩና መቆጣጠሪያው እንዴት ይሠራሉ?

በጎማው መሐል፥ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት ክፍል ውስጥ ሞተር ማስቀመጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 በኋላ ጎማው መሐል ሞተር ያለው ብስክሌት የባለ መብትነት ወረቀት ተቀብሎበታል። የእርሱ ሞተር ከ10 ቮልት ባትሪ እስከ 100 አምፔር ሊስብ እንደሚችል ተጽፏል፤ ይህም 1,000 ዋት ማለት ነው። ዛሬ ያንኑ 1,000 ዋት ከ48 ቮልት ባትሪ በ21 አምፔር ብቻ እናገኛለን። ፍሰቱ ያነሰ እንደ ሆነ ሽቦው ይቀጥናል፤ ሙቀቱም ይቀንሳል።

የዛሬው ሞተር እንዲህ ነው። የመዳብ ጥቅል ሽቦዎች ከማይዞረው ዘንግ ጋር ተያይዘው በውስጥ ይቀመጣሉ፤ ማግኔቶቹ በውጭው ቅርፊት ተለጥፈው ከጎማው ጋር ይዞራሉ። አንዳንዱ ሞተር በውስጡ ትንንሽ ጥርሶች አሉት፤ ሌላው ያለ ጥርስ ጎማውን በቀጥታ ያዞራል። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። ማግኔቶቹ የት እንደ ደረሱ የሚናገሩ ሦስት ጠቋሚዎች በውስጡ አሉ። መቆጣጠሪያው ሳጥን የእነርሱን ወሬ እየሰማ፥ ብዙውን ጊዜ በስድስት ትራንዚስተሮች አማካይነት፥ ፍሰቱን ለሦስቱ የሞተር ሽቦዎች በየተራ ያድላል።

ሳጥኑ የባትሪውን ቮልት እንዳለ አያፈስም፤ በሴኮንድ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ እየከፈተና እየዘጋ ይቆራርጠዋል። ከዚህም የተነሣ ጎማው በዝግታ ሲዞር በሞተሩ ሽቦ የሚያልፈው አምፔር ከባትሪው ከሚወጣው እጅግ ይበልጣል። ጎማው ሲዘገይ ቮልቱ ያንሳል፥ አምፔሩ ይበዛል። በባትሪው ሽቦ ላይ መለኪያ አስገብቶ «10 አምፔር ብቻ ነው የሚስበው» የሚል ሰው፥ በሞተሩ ውስጥ በዚያው ሰዓት 33 አምፔር ሊያልፍ እንደሚችል ማወቅ አለበት። እኛን ያታለለን አንዱ ነገር ይህ ነበር።

በሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ያታልላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚያግዝ ሞተር ያለውን ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጥረው፥ የሞተሩ ያልተቋረጠ ኃይል ከ250 ዋት ሳይበልጥና ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማገዙን ሲያቆም ነው። ስለዚህ በብዙ ሞተሮች ላይ የሚነበበው «250 ዋት» የሕጉን ወሰን እንጂ የመዳቡንና የማግኔቱን የመጨረሻ አቅም አያሳይም።

፫. የዳገቱ ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል ሰውየው 70፥ ብስክሌቱ ከባትሪው ጋር 30፥ ዕቃው 20 ኪሎ ግራም ይሁን፤ በድምሩ 120 ኪሎ ይሆናል። ዳገቱ በ100 ሜትር 7 ሜትር ከፍ የሚል፥ መንገዱም ኮረት ነው እንበል። ዳገቱን ለመውጣት 82 ኒውተን፥ የኮረቱን መንገድ ለማሸነፍ 18 ኒውተን ያህል ያስፈልጋል፤ በድምሩ 100 ኒውተን ነው። የነፋሱን ተቃውሞ በዚህ ፍጥነት ትንሽ ስለ ሆነ ትተነዋል። የጎማው ግማሽ ስፋት 0.33 ሜትር ከሆነ ሞተሩ የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ጉልበት 33 ኒውተን ሜትር ነው።

ሞተራችን በአንድ አምፔር አንድ ኒውተን ሜትር የሚሰጥ፥ የሽቦው ተቃውሞም 0.2 ኦም የሆነ ነው እንበል። እንግዲህ 33 አምፔር ያስፈልገዋል ማለት ነው። በሽቦው ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ፍሰቱ በራሱ ተባዝቶ እንደ ገና በተቃውሞው ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 33 ጊዜ 33 ጊዜ 0.2፥ 218 ዋት። ይህ ሁሉ የሚወለደው ከሰው ጭንቅላት በማይበልጥ የታሸገ ቅርፊት ውስጥ ነው።

አንባቢው እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ፍጥነት የለም። ጉልበቱን የሚወስኑት ዳገቱና ክብደቱ ስለ ሆኑ፥ ብስክሌቱ ቢፈጥንም ቢዘገይም ሞተሩ በየሴኮንዱ የሚያባክነው ያው 218 ዋት ነው። ያው ብስክሌት ባሕር ዳር ላይ በሜዳው አስፋልት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን፥ ነፋሱንም ጨምሮ የሚያስፈልገው 22 ኒውተን ያህል ብቻ ስለ ሆነ የሚባክነው ሙቀት ከ10 ዋት እምብዛም አይበልጥም። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ መሆኗ ያለ ምክንያት አይደለም።

፬. ኃይል ለመጨመር የሚሞከሩ መንገዶች

ሀ) ቮልት መጨመር። የመቆጣጠሪያው ገደብ 15 አምፔር፥ ባትሪው 36 ቮልት ቢሆን የሚገባው ኃይል 540 ዋት ነው። ከዚህ 218ቱ ሙቀት ሲሆን የቀረው 322 ዋት ብስክሌቱን በሰዓት 11.6 ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል። ባትሪው 48 ቮልት ሲሆን የሚገባው 720 ዋት ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን እንደ ቀድሞው 218 ነው፤ ፍጥነቱም 18 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ኃይሉ በሲሶ ሲጨመር ፍጥነቱ ከግማሽ በላይ ጨመረ። 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 14.3 ኪሎ ሜትር መንገድ ያስፈልጋል ብንል፥ የመጀመሪያው 74 ደቂቃና 665 ዋት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሁለተኛው 47 ደቂቃና 570 ዋት ሰዓት ብቻ። ፈጥኖ የወጣው ጥቂት ባትሪ በላ፤ የባከነበት ጊዜ አጥሯልና።

ቮልት ለመጨመር ግን ባትሪውን መለወጥ ብቻ አይበቃም። 48 ቮልት የሚባለው ባለ 13 ረድፍ ባትሪ ሲሞላ 54.6 ቮልት ይደርሳል። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ኮንደንሰሮች «50 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ካለባቸው ይህን አይችሉም። ሳጥኑን ከፍቶ ማንበብ፥ ካልቻሉም ሳጥኑን ራሱን መለወጥ ይገባል።

ለ) አምፔር መጨመር። ሳጥኑ ፍሰቱን የሚለካበት አጭር ወፍራም ሽቦ በውስጡ አለ። ይህን ሽቦ በቆርቆሮ ያወፈረ ሰው ሳጥኑን ማታለሉ ነው፤ 30 አምፔር ሲያልፍ ሳጥኑ 15 ይመስለዋል። በሚሄድ ብስክሌት ላይ ይህም ፍጥነት ይጨምራል። ነገር ግን ለ720 ዋት በ48 ቮልት 15 አምፔር፥ በ36 ቮልት 20 አምፔር ስለሚያስፈልግ፥ በባትሪውና በሽቦዎቹ የሚባክነው ሙቀት በሁለተኛው መንገድ 1.8 እጥፍ ያህል ይሆናል።

ዋናው አደጋ ግን ብስክሌቱ ሲቆም ነው። ጎማው ሳይዞር መቀስቀሻው ሙሉ በሙሉ ቢከፈት የሚገባው ኃይል ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ገደቡ 15 አምፔር በሆነ ጊዜ ሞተሩ ውስጥ 720 ዋት ይነድዳል። ገደቡ ወደ 30 ሲታለል 1,440 ዋት ይሆናል፤ በሞተሩ ሽቦም 85 አምፔር ያልፋል። ይህ ከኤሌክትሪክ ምድጃ አይተናነስም። በሦስተኛው ጥምዝ ላይ ያደረግነውም ይህንኑ ነበር። በኋላ ሳጥኑን ስንከፍት ሁለት ትራንዚስተሮች ተቃጥለው እርስ በርስ ተያይዘው አገኘን። ጎማውን የያዘውም ይህ ነው፤ የሞተሩ ሽቦዎች በሳጥኑ ውስጥ ሲገናኙ ሞተሩ ራሱን ፍሬን ያደርጋልና። ሦስቱን ሽቦዎች ከሳጥኑ ነቅለን ስንለያያቸው ጎማው ተፈታ። ይህን ብቻ እንኳ በጊዜው ብናውቅ ኖሮ ብዙ ላብ በቀረልን ነበር።

ሐ) ጎማውን ማሳነስ። ያው ሞተር ግማሽ ስፋቱ 0.25 ሜትር በሆነ ቸርኬ ላይ ቢታሰር፥ ለዚያው 100 ኒውተን የሚያስፈልገው 25 አምፔር ብቻ ነው፤ ሙቀቱም ከ218 ወደ 125 ዋት ይወርዳል። በሜዳ የሚደርስበት የመጨረሻ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ለዳገት አገር ግን ይህ ጉዳት አይደለም። በጎማ መሐል ያለ ሞተር በብስክሌቱ ማርሽ ሊጠቀም ስለማይችል፥ ትንሽ ጎማ ማለት ለእርሱ የከባድ ማርሽ ምትክ ነው። በፔዳሉ አጠገብ ተቀምጦ በካቴና የሚሠራ ሞተር ግን ማርሹን እንደ ሰው ይጠቀማል።

መ) ሞተሩን ሁለት ማድረግ። ሸክሙን ሁለት ሞተሮች ቢካፈሉት እያንዳንዱ 16.5 አምፔር ይስባል፤ የሁለቱም ሙቀት ተደምሮ 109 ዋት፥ ማለትም ግማሽ ይሆናል። ዋጋውና ክብደቱ ግን ይጨምራል።

ሠ) እግር። ሰውየው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ በፔዳል 100 ዋት ቢያግዝ፥ 36 ኒውተን ከሞተሩ ላይ ያነሣለታል። ሞተሩ በ21 አምፔር ይሄዳል፤ ሙቀቱም 88 ዋት ይሆናል። ከሲሶ ጥቂት በሚበልጥ እገዛ ሙቀቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ገንዘብ የማያስወጣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘንም።

፭. ሙቀትና ቀጭን አየር

የሞተር ሞት በአብዛኛው የሙቀት ሞት ነው። የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.39 በመቶ ያህል ያድጋል። ሽቦው 100 ዲግሪ ቢጨምር 218 የነበረው ብክነት 303 ዋት ይደርሳል፤ ያም ይበልጥ ያሞቀዋል። ተራዎቹ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ደግሞ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ መግነጢሳዊ ኃይላቸውን ለዘለቄታው ማጣት ይጀምራሉ። ማግኔቱ የደከመ ሞተር ለዚያው ጉልበት ብዙ አምፔር ይፈልጋልና ከበሽታ ወደ በሽታ ይሄዳል።

የሊማሊሞ ዳገት በዚህ ላይ ሁለት ችግሮችን ያክላል። ከታች የሚነሡት ከቆላው ሙቀት ነው። ወደ ላይ ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፥ ነገር ግን ይሳሳል፤ በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የሳሳ አየር ከቅርፊቱ ላይ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል።

ቅርፊቱን በስተው ቀዳዳ የሚያበጁ አሉ፤ ሙቀቱ ይወጣል፥ ግን በክረምት ጭቃና ውኃ ይገባል። የተሻለው ማግኔት የሚይዘውን ዘይት ጥቂት ሚሊ ሊትር በማግኔቱና በመዳቡ መካከል ማድረግ ነው፤ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ቅርፊቱ ያሻግረዋል። ከሁሉ በፊት ግን ትንሽ የሙቀት መለኪያ ከመዳቡ ላይ አስሮ ሽቦውን ወደ ውጭ ማውጣት ይገባል። ሙቀቱን ሳያይ ኃይል የሚጨምር ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ገደል አፋፍ ላይ እንደሚሄድ ነው።

የሞተሩ ዘንግም መዘንጋት የለበትም። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር ዘንጉ በዚያው ጉልበት ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል። ዳዶ ብቻውን አይበቃም፤ ዘንጉን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያስር የብረት ክንድ ያስፈልጋል። ዘንጉ ከዞረ ሽቦዎቹ ይጠመዘዛሉ፥ ጎማውም ከቦታው ይወጣል።

፮. ቁልቁለቱ

ወደ ላይ የወጣ መውረዱ አይቀርም። 120 ኪሎ ከ1,000 ሜትር ሲወርድ የሚመልሰው 327 ዋት ሰዓት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በዚያው ቁልቁለት ቢወረድ፥ የመንገዱና የነፋሱ ተቃውሞ ከወሰደው በኋላ የተረፈው ጥቂት መቶ ዋት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ያርፋል። ያለ ጥርስ የሚሠራው ሞተር እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከዚህ ጥቂቱን ወደ ባትሪው ሊመልስ፥ ፍሬኑንም ሊያሳርፍ ይችላል። ነገር ግን ደባርቅ ላይ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ለሚወርድ ሰው ይህ እገዛ የለም፤ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልምና። ስለዚህ ከላይ የሚነሣ ሰው ባትሪውን ጎደል አድርጎ ይነሣ። ሞተርን ለዳገት አበርትቶ ፍሬኑን እንደ ነበረ መተው ደግሞ በሕይወት መጫወት ነው።

መደምደሚያ

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ፤ ስንት ይጭናል? ግማሽ ኩንታል ቢጨመርበት ክብደቱ 170 ኪሎ፥ የሚያስፈልገውም ጉልበት 142 ኒውተን ይሆናል። በትልቁ ጎማ ይህ 47 አምፔርና 440 ዋት ሙቀት ነው፤ ከቀድሞው እጥፍ። ሞተሩ ይህን ይዞ ሊማሊሞን ይወጣል ብለን አናምንም። በትንሹ ጎማ ግን ሙቀቱ 250 ዋት ያህል ይሆናል። በዚያ ላይ ሰውየው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ በእግሩ 100 ዋት ቢያግዝ ወደ 140 ዋት ይወርዳል፤ ይህም ትልቁ ጎማ ያለ ግማሽ ኩንታሉና ያለ እግር ካባከነው 218 ዋት ያነሰ ነው። መቆጣጠሪያው ሳይነካ፥ ቆርቆሮ ሳይቀልጥ ግማሽ ኩንታል ተጫነ ማለት ነው።

እንግዲህ የደረስንበት ነገር ይህ ነው። በዳገት አገር ኃይልን መጀመሪያ መፈለግ የሚገባው ሞተሩ ጥቂት አምፔር ይዞ እንዲሠራ በማድረግ ነው፤ ጎማውን በማሳነስ፥ ክብደቱን በመቀነስ፥ በእግር በማገዝ። ቀጥሎ ቮልቱን በልክ መጨመር ይቻላል። አምፔር መጨመር የመጨረሻው ነው፤ እርሱም ሙቀቱ እየተለካ።

የሰጠናቸው ቁጥሮች ለአንድ ምሳሌ የተሠሩ ስለ ሆኑ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ መለወጣቸው አይቀርም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። የሙቀት መለኪያ አስረን ከዛሪማ እንደ ገና ለመነሣት አስበናል። ከባልንጀሮቻችንም ሆነ ከመምህራኖቻችን መካከል ስሕተታችንን የሚያርም ቢኖር በደስታ እንቀበላለን። አዛውንቱን መንገድ ላይ ብናገኛቸው ግን አሁን የምንመልስላቸው አለን።